የግራው ሻፍት

ትራክተራችን የተሰበረች ዕለት መጀመሪያ የሰማነው ጠመንጃ የተተኮሰ የሚመስል ድምፅ ነበር። ከኋላዋ ዘር ይበትኑ የነበሩት ገበሬዎች በሙሉ ጭቃው ላይ በደረታቸው ተኙ። እኔም ተኛሁ። በ1974 ዓ.ም. በመተማ ቆላ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ ማን ተኮሰ ብሎ ቀና የሚል ሰው አልነበረም። ሳይጎነበሱ የቀሩት ሾፌሩ ጋሼ ደምለው ብቻ ናቸው። ማርሽ አስገቡ፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማዎቹ ግን አልዞሩም።

«ተነሡ! ሽፍታ አይደለም» አሉ ከወንበራቸው ሳይወርዱ። «ሽፍታ ቢሆን ይሻለን ነበር።»

ሐምሌ አምስት ቀን ነበር። እኔ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ከሽንፋ ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ በሚገኝ የትራክተር ጣቢያ ከተመደብኩ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ጣቢያ ይባል እንጂ አንድ የላሜራ መጋዘን፣ መጋዘኑ ላይ የተለጠፈች የእኔ ክፍልና ጋሼ ደምለው የሚያድሩባት የእንጨትና የሣር ራኩባ ነበር። ስመጣ አራት ሠራተኞች ነበርን። ጸሐፊው ሚያዝያ ላይ ወደ ጎንደር ተዛወረ፤ ዘበኛው ለሚሊሻ ተጠርቶ ሄደ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ገንዳ ውሃ የሚወስደው የመኪና መንገድ ተቋረጠ፤ እስከ ጥቅምት ደብዳቤም ጋዜጣም እንግዳም አይመጣም። ጋሼ ደምለው ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩም የሚጠሩኝ «ዲፕሎማው» እያሉ ነው። አንዳንድ ቀን ክፍሌን ስከፍት «ፀሐዩ፣ ግባ» እላለሁ፣ ለራሴ። ስሜን የሚጠራ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

ትራክተሯ የምታርሰው ከደጋ የወረዱ የሠላሳ አራት አባወራዎችን የጋራ መሬት ነበር። በሬዎቻቸውን ባለፈው ዓመት ገንዲ የሚባለው የቆላ በሽታ ጨርሶባቸዋል። ስትሰበር የታረሰው ሢሶው ብቻ ነው። ሐምሌ ካለቀ በኋላ የተዘራ ማሽላ ፍሬ ሳይዝ ዝናቡ ይቆምበታል። ስለዚህ ሃያ አምስት ቀን ነበረን፤ ያ ካለፈ እነዚያ ሰዎች ለዓመቱ የሚበሉት አይኖራቸውም ነበር።

በማግስቱ ጣውላ አንጥፈን ክሪክ አቆምን፤ ጎማውን አውርደን የግራውን አክስል ሻፍት አወጣን። ሻፍት ማለት ከዲፈረንሻሉ ተነሥቶ ጎማውን የሚያዞረው የብረት ዘንግ ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የእኛ የግራው ከወደ ውስጥ ጫፉ ላይ እንደ ሸንኮራ ተቆርጧል። የተቆረጠውን ቁራጭ ጋሼ ደምለው በሽቦ ጎትተው ለማውጣት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ የቀኙን አውጥተን አስተያየነው፤ ከግራው አንድ ስንዝር ያጥራል። አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አይቻልም ማለት ነው።

እኔ የተማረ ሰው ስሕተት ሠራሁ። ሻፍቱን በሚሸፍነው ብረት፣ በአክስሉ ቤት ላይ ጎላ ብሎ የወጣ ቁጥር አይቼ በጥንቃቄ ገለበጥኩ፤ አንድ ቀን ሙሉ በእግሬ ተጉዤ ገንዳ ውሃ ገባሁና በወረዳው ሬዲዮ ለጎንደር መጋዘን አነበብኩ። የመጋዘኑ ሰው መለሰልኝ።

«ወንድም፣ ያነበብክልኝ ብረቱ ሲቀልጥ የፈሰሰበት የቅርጹ ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር የተሠራ አክስል መቶ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሻፍቱ ጫፍ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ እሱን ንገረኝ።»

«ጫፉ ተበልቷል።»

«እንግዲያው ሻፍቱን ላከው።»

«መንገዱ ዝግ ነው።»

«ሲከፈት ላከዋ» አለና ሬዲዮው ጸጥ አለ።

ሲከፈት ማለት ጥቅምት ነው። ወደ ጣቢያው ስመለስ የሆነውን ሁሉ ከጋሼ ደምለው አልደበቅኩም። አልሳቁብኝም። የተቆረጠውን ሻፍት ጉልበታቸው ላይ አጋድመው በጨርቅ ይጠርጉት ነበር።

«እዚህ አገር ትራክተር በቁጥር አይታወቅም» አሉ። «ግማሾቹ በቅሎ ናቸው። ፊታቸው ካንዱ ነው፣ ኋላቸው ከሌላው። ያቺ የኛዋ ራሷ ኋላዋ ከማን እንደመጣ እናቷም አታውቅ።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«በልክ ነዋ። በዓይንና በክር።» ሻፍቱን ከጉልበታቸው አወረዱና ቀጠሉ። «የኋላዋን የምትመስል አንዲት አለች። ሰጠኝ የሚባል ሰው ትራክተር። ግን አትደክም፤ የግራው የላትም።»

«እንዴት?»

«ይዞት ሄዷል።»

ይህን ስሰማ ነገሩ ስርቆት መስሎኝ ነበር። አስረዱኝ። በዚያ ቆላ ከአብዮቱ በፊት የራሳቸው ትራክተር የነበራቸው ሰዎች በጦርነት ወይም በሽፍታ ምክንያት ወደ ሱዳን ሲሻገሩ አንዱን ሻፍት ፈትተው በትከሻቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። አንድ ሻፍት የጎደላት ትራክተር ሞተሯ ቢነሣም አትራመድም፤ ማንም ሊነዳት አይችልም። ነገሩ ግን ከቁልፍነት አልፎ ቃል ሆኖ ነበር። ሻፍቱን ይዞ የሄደ ሰው ይመለሳል ይባላል። ንብረቱ አይነካም፣ ቤቱ አይፈርስም፣ ሚስቱን የሚጠይቅ ወንድ የለም። ሳይፈታ የሄደ ሰው ግን ትቶታል ማለት ነው፤ የፈለገ ይንዳው ብሏል።

ሰጠኝ የሄደው በ1969 ሰኔ፣ በዚያ ቆላ ውጊያ በነበረበት ጊዜ ነው። አሰበች የምትባለው ሚስቱ ከጣቢያችን የአንድ ሰዓት መንገድ ርቃ ብቻዋን ትኖራለች። ትራክተሯ በኋላ በአዋጅ የመንግሥት ሆናለች፤ የጣቢያችን መዝገብ ውስጥም «የግራ ሻፍት የሌላት፣ ከአገልግሎት ውጭ» ተብላ ተጽፋ አገኘኋት። ማንም ሄዶ አላየም። ቆላ ውስጥ ሻፍቱ ተፈቷል ከተባለ ተፈቷል ነው።

እኔ ግን አንድ ተስፋ ነበረኝ። ረጅሙ ሻፍት በእኛዋ ላይ የግራው ነው፤ በአንዳንድ ትራክተር ግን የቀኙ እንደሚሆን ኮሌጅ ተምሬያለሁ። የሰጠኝ ትራክተርም እንደዚያ ከሆነች የቀኙ ይበቃናል። ሜትራችን ስለተሰበረ ሲባጎ ወሰድኩ፤ የእኛን ሻፍት ርዝመት ለክቼ ቋጠሮ አሰርኩበት፤ ሌላ ቋጠሮ ደግሞ ለአክስሉ ቤት። ሄድኩ።

ትራክተሯ ከቤቱ ጀርባ ከቁርቁራ ዛፍ ሥር፣ አዲስ ሣር የተከደነ ዳስ ውስጥ ቆማለች። ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ተደልድሏል፣ ጭቃ እንዳያበላሻቸው። የጭስ ማውጫዋ አፍ በጣሳ ተደፍኗል። ዶሮ እንዳይሰፍርባት ወንበሯ ላይ እሾህ ተደርጓል። እሾሁን እያስተካከለች ያገኘኋት ሴት ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭንና ረጅም ነች።

«ጤና ይስጥልኝ። እርስዎ እትዬ አሰበች ነዎት?»

«አንቱ አትበለኝ፤ ገና አላረጀሁም። መንግሥት ነህ አይደል?»

«መንግሥት አይደለሁም። የትራክተር ጣቢያው ሠራተኛ ነኝ።»

«እሱን ነው የምልህ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ስምህ ማነው?»

«ፀሐዩ።»

«እንግዲህ ፀሐዩ፣ ልትወስዳት ከሆነ የመጣኸው በከንቱ ነው። ሚሊሻዎቹም መጥተው ነበር። ግራ እግሯ የለም አልኳቸው፤ ሄዱ።»

«ልለካት ብቻ ነው።»

«ለካት። ልኬት አያሳምማት።»

ሲባጎዬን ዘረጋሁ። የቀኙ የአክስል ቤት ከቋጠሮዬ አንድ ስንዝር አነሰ። ልክ እንደኛዋ ነው፤ አጭሩ በቀኝ ነው። ተስፋዬ በዚያው አለቀ። እሷ ከጀርባዬ ቆማ ትመለከት ነበር፤ ለብዙ ጊዜ ሰው አግኝታ እንዳላነጋገረች ሁሉ፣ ሳልጠይቃት ትነግረኝ ጀመር። ውጊያው ሲቃረብ ባሏ አሥር ቀን እንድትቆይ ብሎ ሽንፋ እህቷ ዘንድ ላካት። ከመሄዷ በፊት የግራውን ፈትቶ ይዞ እንደሚሻገር ነገራት። ስትመለስ የለም።

«ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው ያለው» አለች። «ዝናቡ ሲያባራ ይመጣል።»

«ደብዳቤ ይጽፋል?»

«መጻፍ አይችልም። ሻፍቱ እሱ ዘንድ ነው፣ ምን ደብዳቤ ያሻዋል?» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «የሚያሳዝነኝ ሸክሙ ነው። በሰኔ ጭቃ፣ ያን ብረት ተሸክሞ። አንዳንዴ እንጨት ለቅሜ ስመለስ ትከሻዬን ሲያመኝ፣ እሱስ እላለሁ።»

የከርከዴ ሻይ ላፍላልህ ብላ ወደ ቤት ገባች። ጀምሬዋለሁና ብዬ የግራውንም ለካሁ። ቋጠሮው ልክ ጫፉ ላይ አረፈ። እኛ የምንፈልገው ያው ነው፤ በርዝመት አንዲት ጣት አይዛነፍም። ለመመዝገብ ብዬ ሻፍቱ የሚታሰርበትን ክዳን ብሎኖች ቆጠርኩ፤ ስቆጥር አቧራውን በእጄ ጠረግኩ።

ብሎኖቹ ላይ ፋብሪካው የቀባው ቀይ ቀለም ነበር። ከብሎኑ ራስ ተነሥቶ ወደ ክዳኑ፣ ከክዳኑ ወደ አክስሉ ቤት ሳይቆረጥ ይወርዳል። አንድ ጊዜ እንኳ መፍቻ የነካው ብሎን ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይላጣል፤ በቀኙ በኩል ስመለከት ብዙ ጊዜ ስለተፈታ ብረቱ አግጥጧል። የግራው ከተሠራ ጀምሮ ተፈትቶ አያውቅም። ሁሉንም ብሎኖች አንድ በአንድ አየሁ። ደግሜም አየሁ። ሻፍቱ ውስጥ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አለች ሁለት ጣሳ ይዛ ስትመለስ።

«ርዝመቱ እንደኛው ነው።»

ውሸት አይደለም። ግን እውነቱም ያ ብቻ አልነበረም። ከርከዴው ትኩስ ነበር፤ ሳላቀዘቅዝ ጠጣሁትና ሄድኩ።

ነገሩን ለጋሼ ደምለው ነገርኳቸው። ሰጠኝን ያውቁት ነበር፤ አንድ ወቅት አብረው ነድተዋል።

«ሳይፈታ ነው የሄደ?»

«ሳይፈታ ነው።»

«እንግዲህ ቸኩሎም ይሆናል» አሉ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምን ያስቸኩላል። ሁለት ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።» ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። ስትወጣ ጠብቀን እንፈታዋለን፤ ክዳኑን መልሰን እንገጥማለን። እሷም ምንም ሳታውቅ ትኖራለች፣ መሬቱም ይታረሳል። ማን ይጎዳል?»

በማግስቱ ዳኛው የሚባለው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ከጭንቀት የተነሣ እንቅልፍ አጥቷል።

«ጓድ ፀሐዩ፣ ዕቃው እዚያ እንዳለ ሰማሁ» አለ። «ጋሼ ናቸው የነገሩኝ፤ አትቆጣቸው። በመዝገብ የእኛ ንብረት ነው አይደለም?»

«የመንግሥት ነው።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን? ሦስት ሚሊሻ ልላክና ይምጣ።»

«ሦስት ቀን ስጠኝ።»

«ሦስት ቀን!» ወደ ሰማይ ተመለከተ። «ሚስቴ ዛሬ የዘሩን ማሽላ ስትፈጭ አገኘኋት። እኔ ሊቀመንበሩ። ዝም አልኳት፤ ምን እላታለሁ? ሦስት ቀን ስጠኝ ትለኛለህ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ደጃፍ ተቀምጬ ነገሩን በሁለት በኩል አመዛዘንኩት። ዳኛው ልክ ነው። ጋሼ ደምለውም ከክፋት አልተናገሩም፤ ምናልባት ከእኔ ይልቅ ያዘኑላት እሳቸው ናቸው። ሳታይ ብወስደው አሰበች የነበራትን አላጎድልባትም፤ እሷ የለም የምትለውን ነገር ነው የምወስደው። ግን ሐሳቤ ወደ ሣሩ ዳስ ይመለስብኛል። በየዓመቱ ሣሩን አጭዳ ትከድናለች። ከእንግዲህም እየከደነች፣ ሰው አልባ በሆነ ሜዳ፣ ባዶውን ብረት እየጠበቀች ልታረጅ ነው፤ እኔም ባዶነቱን እያወቅሁ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ብቻ መኖር ምን እንደሚመስል ባላውቅ ኖሮ ይህን ያህል ባልከበደኝ ነበር። ዝናቡ ላሜራውን እስኪያናውጠው ይወርድ ነበር። የማማክረው ሰው የለም።

በማግስቱ ማለዳ ሄጄ ነገርኳት። ቀለሙን አሳየኋት፤ የቀኙን አሳየኋት፤ ልዩነቱን በጣቷ እንድትነካው አደረግሁ። አልነካችውም።

«ማን ነው እንዲህ በል ያለህ?»

«ማንም። ያየሁትን ነው።»

«ሚሊሻው በጉልበት ሲያቅተው የተማረ ላከ፣ አይደል? አንተ ሲባጎ ይዘህ ስትመጣ እኔ ደግሞ ከርከዴ አፈላለሁ! አምስት ዓመት እዚህ ብቻዬን የጅብ ድምፅ እየሰማሁ የኖርኩት በእሱ ቃል ነው። አንተ በምንህ ታውቀዋለህ? አይተኸው ታውቃለህ?»

«አላውቀውም።»

«እንግዲያው ውጣልኝ።»

ወጣሁ። ያ ቀን አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ። ሦስተኛው ቀን ሲመሽ ዳኛው ሚሊሻ እንደሚልክ አውቃለሁ፤ በዚያው ቀን ማለዳ ልለምነው እየተነሣሁ ሳለ በካፊያው ውስጥ አንዲት ሴት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጥላ ወደ ጣቢያው ስትመጣ አየሁ። ራኩባው አጠገብ ደርሳ ቆመች፤ አልገባችም።

«መፍቻህን ያዝና ና» አለች። «እኔ ቆሜ እያየሁ ትከፍተዋለህ። ከሌለ ግን፣ እዚያው በፊቴ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ። ሰጠኝን።»

«እጠይቃለሁ።»

ጋሼ ደምለው ትኩሳት ይዟቸው ተኝተው ስለነበር ክሪኩን እኔ፣ ጣውላውን እሷ ተሸክመን ሄድን። ጎማውን ለማውረድ ብዙ ታገልን። ብሎኖቹ ላይ ነጭ ጋዝ አፍስሼ ጠበቅሁ፤ የመጀመሪያው ሲላቀቅ ቀለሙ ተሰንጥቆ እንደ እንቁላል ቅርፊት ረገፈ። እሷ ቅርፊቱን ከጭቃው ላይ አነሣች፤ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። እያንዳንዱ ብሎን ሲወጣ እንዲሁ አደረገች። የመጨረሻው ወጣ። ክዳኑን ያዝኩና በቀስታ ሳብኩ፤ ሻፍቱ ዘይት ለብሶ፣ እንደ አዲስ እያበራ ተከተለኝ።

ጣውላው ላይ አጋደምኩት። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ሌላ ትርፍ ኖሮት ሊሆን ይችላል? እሱን ይዞ ሄዶ?»

ጥያቄውን በሚገባ አሰብኩበት። «ትርፍ ያላቸው ሰዎች ነበሩ» አልኳት። «ግን ይህቺን ትራክተር የሚያቆማት የዚህ መፈታት ነው። ይሄ እያለ ትርፉን መያዝ ምንም አያደርግለትም።»

ለመዋሸት ያን ያህል ቀርቤ ነበር። ከዚያ በላይ ልራራላት አልቻልኩም።

ሻፍቱን በሁለት እጇ አቅፋ ተነሣች። አንድ ጫፉ ወደ መሬት አዘነበለባት፤ ትከሻዋ ላይ አደረገችው፤ ሦስት እርምጃ ሄደች። ቀሚሷ በዘይት ተለወሰ። ከዚያ መልሳ አወረደችው።

«ወገቡን ያመው ነበር እኮ» አለች። «ሰጠኝ። ይሄን ተሸክሞ ሽንፋም አይደርስ።» ፈገግታ የመሰለ ነገር አፏ ላይ መጣና ሳይሆን ቀረ። «አምስት ዓመት ለትከሻው ሳዝን። ለካስ እጁን እያወዛወዘ ነው የሄደ።»

ሥራውን ቀጠልኩ፣ ምክንያቱም ገና አላለቀም ነበር። ርዝመቱ ልክ ነው ማለት ይገጥማል ማለት አይደለም፤ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚገባው የሻፍቱ ጫፍ ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ የጥርሱ ቁጥር በአንድ ከተለያየ ብረቱ ከንቱ ነው። የእኛን ጣቢያ ላይ ቆጥረን ሃያ ሁለት ብዬ ጽፌያለሁ። ያን ጊዜ ጋሼ ደምለው መጀመሪያ ሃያ አንድ፣ እኔ ሃያ ሦስት ብለን ነበር፤ የተስማማነው ከሦስት ጊዜ በኋላ ነው።

«ልትቆጥሪልኝ ትችያለሽ?» አልኳት። «ብቻዬን ስቆጥር እሳሳታለሁ።»

ከነጠላዋ ጥለት ክር መዘዘችና የመጀመሪያው ጥርስ ላይ አሰረችው። ከክሩ ጀምራ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች፣ ሳትቸኩል፣ ዞረችው። እኔ ቆይቼ ቆጠርኩ። ከዚያ ተያየን።

«ስንት?» አለች።

«አንቺ ስንት አልሽ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት ነው።»

«ደህና» አለች። ክሩን ፈታች። «ክዳኑን ግን አትመልሰው። ክፍት ይሁን። ዛሬ መፈታቱን ሰው ይየው።»

የሻፍቱ ጥርስ ገጠመ። ሻፍቱ የሚዞርበት ኩሽኔታ ግን አልገጠመም፤ የእሷ ወፍራም ነው፣ የእኛን አሮጌውን አውጥቼ በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ግራሶ ቀብቼ መልሼ ተጠቀምኩበት፤ አስተማማኝ አልነበረም፣ ግን ሌላ አልነበረም። ጋሼ ደምለው ከራኩባቸው ሆነው፣ ወባው እያንቀጠቀጣቸው፣ «ዘይቱን አጣራኸው? ዳዶውን እስከ መጨረሻው አታጥብቀው!» እያሉ ይጮኹብኝ ነበር። ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ትራክተሯ በራሷ ከጣቢያው ወጣች። የማኅበሩ ሰዎች ከኋላዋ እየሮጡ እልል አሉ። ዳኛው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ የግራውን ጎማ ሳመ፤ ቆይቶ ስላፈረ አላየሁም ብዬዋለሁ።

ጋሼ ደምለው እስኪሻላቸው እኔ ነዳሁ። ከጎህ እስከ ምሽት አርስ ነበር። ወደ አሰበች ቤት የምሄድበት ጊዜ አልነበረኝም፤ ወይም ጊዜ የለኝም ማለት ቀሎኛል። ሥራው ሲያልቅ እሄዳለሁ፣ ስኳርና ሻይ ይዤ እሄዳለሁ እል ነበር። ምን እንደምላት እያረስኩ አዘጋጅ ነበር፤ ስለ ትራክተር ያልሆነ ነገር።

ሐምሌ ሃያ ሰባት ቀን ወደ ገንዳ ውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የመጨረሻውን ማሳ ያዝን። እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ከሩቅ ሁለት ሴቶችና አህያ የሚነዳ ሰውዬ በመንገዱ ሲመጡ አየሁ፤ ከኋላቸው ትንሽ ራቅ ብላ ሦስተኛ ሴት፣ ጓዟን በራሷ ላይ ተሸክማ። ረጅም ነች። በቀረበች ጊዜ አወቅኋት። ቀሚሷ ላይ የዘይቱ እድፍ አለ።

ሳንጃ በምትባል ሩቅ ከተማ ወንድም እንዳላት በኋላ ነው የሰማሁት። በዝናብ፣ በእግር፣ እስከዚያ።

እርጥብ ዋልካ አፈር ላይ ትራክተር አይቆምም። እየሄደ እያለ ይሄዳል፤ ከቆመ ግን ከኋላው ከሚጎትተው ማረሻ ዲስክ ጋር እስከ አክስሉ ይሰምጣል፣ ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጃል። ሦስት ቀን ነበረን። ከኋላዬ ዘር የሚበትኑ አሥራ አምስት ሰዎች ይከተሉኛል። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር፤ አነሣሁት።

«እትዬ አሰበች!» ብዬ ጮኽኩ። ሞተሩ ዋጠው።

እጄን አነሣሁ። ወደ መንገዱ በኩል የነበረው የግራው ጎማ ነበር፤ ጭቃውን እየገለበጠ፣ እየተሽከረከረ አጠገቧ አለፈ። ቆማ ተመለከተች፤ ጓዟን በአንድ እጇ ደግፋ። የምታየው እኔን ይሁን ጎማውን መለየት አልቻልኩም። ዞር ብዬ እያየሁ መስመሩ ስለተጣመመብኝ ወደ ፊት መመልከት ነበረብኝ።

የማሳው ጫፍ ድረስ ሄጄ ዲስኩን አነሣሁ፤ በሰፊው ዞርኩ፤ ዲስኩን መልሼ ጣልኩ። ወደ መንገዱ ስመለስ ማንም አልነበረም። ዝናቡ ከምዕራብ እየመጣ ነበር፤ ሦስት መስመር ቀርቶኛል።